ካርታው ላይ የሌለው ክዳን

ሰኞ፣ ጥር 6

የፋርማሲውን ማዞሪያ ሁለቴ ጠረግኩ። ነፋሱ እልህ ይዞታል፤ እኔንም ይዞኛል። የግራ ጫማዬ አፉን ከፈተ... ነገ ይሰፋል።

ትልልቅ ሰሌዳ እየሰቀሉ ነው። በቴሌቪዥን ብቻ የምናየው የመኪና ውድድር እኛ ጋ ሊመጣ ነው። ዓለምን እያዳረሱ ነው አሉ፤ ዘንድሮ ሦስት አዲስ ከተማ ጨምረዋል፣ አንዱ የኛ። «ዓለም ወደ እናንተ መጣ» ይላል ሰሌዳው። ይምጣ። ግን የሚሮጡበትን መንገድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ልጄ እነሱ ጋ ሥራ አገኘች። አስተርጓሚ! እልል አልኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ልጄ ስለ መኪኖቹ ስታወራኝ አመሸች። ሲበሩ ከሥራቸው ያለውን አየር ይስቡታል አለች።

«ለዚህ ነው መንገዱ ላይ ያሉትን የፍሳሽ ቱቦ ክዳኖች በሙሉ የሚበይዱት። ያልተበየደ ክዳን ካገኙ ከመሬት ይነቅሉታል፣ እማዬ።»

«ስንት ክዳን ነው?»

«አርባ ሦስት።»

አርባ ሦስት? በጣቴ ቆጠርኩ። ከድልድዩ እስከ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ በጎን... እንደገና ቆጠርኩ። አርባ አራት ነው።

ዓርብ፣ ጥር 10

በያጆቹ ሲሠሩ ዋሉ። የፋርማሲውን ማዞሪያ ዘለሉት። ያኔ ገባኝ።

ያ ክዳን አይታይም። ከስድስት ዓመት በፊት መንገዱን ሲጠግኑ ከነነፍሱ ደፈኑት። ላዩ ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ አስፋልት ነው ያለው። ሲዘንብ ዳር ዳሩ አረፋ ይደፍቃል፤ መጥረጊያዬ ሲያልፍበትም ድምፁ ይለያል። ከኔ ሌላ ማን ያውቃል?

ጀነራሏ ታውቃለች። የሥራ ጓደኛዬ ናት፤ ሁሉን ሰው ስለምታዝ ነው ስሙን ያወጣንላት። ሳይደፈን በፊት አንድ ጭነት መኪና ሲያልፍበት ተፈናጥሮ እግሯን የሰበራት ይኸው ክዳን ነው። እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

«እኔን በጭነት መኪና ነው» አለችኝ። «በነዚህ በሚበሩት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያዝሽ ነበር?»

ሳቅን። ቀና ስል ግን ለውድድሩ ባጠሩት አጥር ጥግ የእንጨት መቀመጫ እየሠሩ አየሁ። ለትምህርት ቤት ልጆች ነው፣ በነጻ እንዲያዩ። ክዳኑ ካለበት አሥር እርምጃ አይሞላም።

ሰኞ፣ ጥር 13

ለጽዳት አለቃችን ነገርኩት። ዕድሜው ከልጄ ብዙም አይርቅም። ካርታ ዘረጋ።

«የታለ? የለም።»

«ካርታው ላይ የለም እንጂ መሬቱ ላይ አለ።»

«አንቺ መሐንዲስ ነሽ?»

«ጠራጊ ነኝ።»

«እንግዲያው ጥረጊ!»

ደሜ ፈላ። ስወጣ ደግሞ መከረኝ፦ «ዝም አይነቅዝም።» ይነቅዛል እንጂ! ስድስት ዓመት ዝም አልኩ፣ ይኸው።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ጠዋት የክዳኑን ቦታ በጠመኔ ከበብኩት፣ እንዲታይ። ከሰዓት ታጠበ። ማን አጠበው? እኔው። አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ አሳጠበኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። አንቺ ንገሪያቸው አልኳት። የደንብ ልብሷን ማጠፍ ያዘች። ከዚያ...

«እማዬ፣ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። እኔን ማን ይሰማኛል? ደግሞ... ሥራ ላይ ስታይኝ ባትጠሪኝስ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ! በዚህ የጠራጊ ሰደርያ ነው ያሳደግኳት፣ በዚህ መጥረጊያ ነው ያንን ቋንቋ የተማረችው። አልጮህኩም። ሳህኑን ሁሉ አጠብኩ፣ ንጹሑንም ጭምር።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ትእዛዝ መጣ። ሐሙስ የውድድሩ ዋና ተቆጣጣሪ መንገዱን በእግሩ ያያል። ጠራጊዎች በአራት ሰዓት ጨርሰው ከዕይታ ዞር ይበሉ ይላል። ዞር! መጀመሪያ ቆሻሻውን እናንሳ፣ ቀጥሎ እኛ እንነሳ።

ጀነራሏን ዶማ አለሽ ወይ አልኳት። የወንድሜ አለ አለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም። የሷ ነገር!

ብባረርስ? ለጡረታ ስድስት ዓመት ነው የቀረኝ። ልጄንስ በኔ ጦስ ቢያባርሯት? ... ፈርቻለሁ። ልፍራ። ዶማ ለመያዝ ፍርሃት አይከለክልም።

ሐሙስ፣ ጥር 23

አደረግኩት! በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ጀነራሏ መንገዱ መሃል ቆማ የመጣውን ሁሉ «በዚያ! በዚያ በኩል!» ትላለች፤ ሰውም እሺ ይላታል። ዶማውን አነሳሁ። በአራተኛው ምት አስፋልቱ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፣ ብረቱ ጮኸ። ያን ጊዜ እንግዶቹ ከማዞሪያው ብቅ አሉ። አለቃዬ ቀድሟቸው እየሮጠ...

«አበደች! ያዟት!»

ሁለት ፖሊሶች ክንዴን ያዙ። ዶማውን ግን አልለቀቅኩም።

ተቆጣጣሪው ሽበታም፣ መለሎ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን አየና አንድ ነገር ጠየቀ። አጠገቡ ልጄ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል። አልጠራኋትም።

«ምን እየሠሩ ነው ይላል» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። እርስዎ ተባልኩ፣ በገዛ ልጄ።

«ክዳን አለ በዪው። ካርታችሁ አያውቀውም፣ እኔ አውቀዋለሁ። አልተበየደም። እዚያ ጋ ልጆች ሊቀመጡ ነው። ተናግሬ ነበር፣ ጥረጊ ተባልኩ። የዚችን እግር የሰበረው ይኸው ነው በዪው።»

ጀነራሏ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጠባሳዋን አሳየች። ማን አዘዛት?

ልጄ ተረጎመች። እኔ ካልኩት ይረዝማል የተናገረችው። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሷን።

«ምን ጨመርሽበት?» አላት አለቃዬ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደጠረገችው። እናቴ እንደሆነችም።»

ዕንባዬ መጣ። እነሱ ፊት? አዎ፣ እነሱ ፊት። ሰውዬው ክዳኑን በጫማው ረገጠው፣ ተንገጫገጨ። በያጅ ይጠራ አለ። እኔን ግን ጣቢያ ወሰዱኝ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ አስወጣችኝ። መንገድ ላይ ክንዴን ይዛኝ ሄደች፣ ያን የሚያምር የደንብ ልብሷን እንደለበሰች።

ዓርብ፣ ጥር 24

እሷን አላባረሯትም። እኔ «የከተማ ንብረት በማበላሸት» ታግጃለሁ። የይቅርታ ወረቀት አዘጋጅተዋል፤ ፈርሚና ተመለሺ አሉኝ። ምን ቆርጦኝ! ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ መንገዱን የደፈነው ይጠይቅ።

እሑድ፣ የካቲት 3

ውድድሩ ዛሬ ነበር። ከልጆቹ ኋላ ቆሜ አየሁ። ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ነው። ሃምሳ ዙር፣ ሃያ መኪና፣ ሁሉም በክዳኑ ላይ አለፉ። ምንም አልሆነም። ማንም ምንም አላለም። እኔ ግን በእያንዳንዱ ዙር ትንፋሼን ይዤ፣ ሲያልፉ «እሰይ!» ስል፣ አንዲት ሕፃን ዞራ «እትዬ፣ ማንን ነው የሚደግፉት?» አለችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ቢሮ ጠሩኝ። ውድድሩ እዚህ አምስት ዓመት ሊቀጥል ነው፤ በሚመጣው ዓመት አራት መንገድ ይጨመራል። ተቆጣጣሪው ደብዳቤ ጽፏል፦ የተደፈኑት ክዳኖች በሙሉ ካልታወቁ አልፈቅድም። ካርታቸው ደግሞ አያውቃቸውም።

አለቃዬ ወንበር ሳበልኝ። «እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ። ጉድ እኮ ነው! አልተቀመጥኩም።

«መጀመሪያ ፋይሌን አምጣ።»

«እሱ እኮ የራሱ አሠራር...»

«ልሂድ?»

አመጣው። የእገዳውን ደብዳቤ አስቀደድኩት። የይቅርታውንም አስቀደድኩት፤ የፊርማው ቦታ ባዶ እንደሆነ። ጀነራሏን አስጠራ አልኩት፣ የማዶውን ሠፈር እሷ ናት የምታውቀው። አሁኑኑ? አሁኑኑ። ስልክ አነሳ።

ከዚያ ተቀመጥኩ። ካርታውን ፊቴ ዘረጋው።

«እርሳስ አምጣ» አልኩት።