የጎፈሬው ጥንካሬና ድክመት

ሰኞ፣ ሐምሌ 9

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ መግደል ደስ ይለኛል። ስልክ ላይ ማለቴ ነው። ባለ ቀለም ድንጋዮች አሉ። ሦስት አንድ ዓይነት ሲሰለፉ ይፈነዱና ጀግኖቼ ከላይ የቆሙትን ጠላቶች ይመታሉ። የወደቀው ጭስ ሆኖ ይጠፋል። ደም የለውም።

ስልኩ የወንድሜ የናሆም ነው፣ የተጫዋቹም ስም የሱ ነው። ስቴጁ ላይ፣ ሞተሮቹ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ቦታ፣ አብረውት ሰው የሚጭኑት የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ልጆች «ናሆምን የሚችለው የለም» ይላሉ። የምጫወተው ግን እኔ ነኝ፣ እማዬ ሆቴል ጓሮ፣ ሽንኩርት ልጬ ስጨርስ። ሲያሞግሱት ሰምቼ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት አይከብደኝም። ትምህርትም ከሰባተኛ ክፍል የቀረሁት ተነስቼ ማንበብ እየፈራሁ ነው።

ዛሬ አዲስ ጀግና ወጣልን። ጠጉሩ እንደ ቁጥቋጦ የቆመ፣ መጥረቢያ የያዘ። የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ ጎፈሬው አልነው። ናሆም ሊወጣ ሲል ሞተሩ ላይ ሆኖ «ቲጂ፣ አጥኚልኝ። በምን ጎበዝ ነው፣ በምን ሰነፍ ነው። ቅዳሜ ከበሩ ልጆች ጋር ውጊያ አለብን» አለኝ። የበሩ ልጆች የሚባሉት ድንበሩ በር ላይ ቆመው ከኢትዮጵያ ወደኛ ወደ ኬንያ የሚሻገረውን ሰው የሚጭኑት ናቸው። በስልክም በመንገድም አንዋደድም።

ከሰዓት በኋላ ናሆም ሞተሩን እየገፋ መጣ። አፉ አፍ አይመስልም ነበር። ለእማዬ «ሞተር ጣለኝ» አላት። እኔ ጓሮ ቧንቧው ጋ ውኃ ሳፈስለት እውነቱን ነገረኝ። በሩ ላይ አንዲት ተሳፋሪ ጫነ፣ የበሩ ልጆች «ተራችን ነው» ብለው ከሞተሩ ጎትተው አወረዱት። ሁለቱ ክንዱን ያዙት፣ ከነሱ አንዱ አብዲ ደግሞ በሩንጉ፣ በዚያ ራሱ ድቡልቡል በሆነው ዱላ፣ አፉን መታው። አንዴ አይደለም። ሁለት ጥርስ እጁ ላይ ተፋ። አንዱን ኪሱ ከተተው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሲሚንቶውን በሳሙና ፈተግኩት። አሁንም ቀላ ብሏል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

ናሆም ሥራ አልሄደም። መረቅ ብቻ ነው የሚጠጣው፣ እሱንም በአንድ ጎን።

ረፋድ ላይ ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተኩስ ተሰማ። እማዬ የበሩን አንድ ክንፍ ዘጋች። ደንበኞቹ መብላታቸውን አላቋረጡም። አንዱ ሾፌር «ሩቅ ነው፣ አዋዜ ጨምሪ» አላት። አባዬም ሾፌር ነው፤ ኢሲዮሎ መንገድ ላይ ስለሆነ ስልኩ አይሠራም።

ስለ ጎፈሬው እስካሁን ያየሁት፦

ጉልበቱ መካከለኛ ነው። መከላከያው ቀጭን ነው፣ ልብስ እንኳ አልለበሰም። ቁጣው፣ ከሥሩ ያለችው መስመር፣ ቶሎ አይሞላም። መጀመሪያ ሳየው ምን ይሠራልናል ብዬ ነበር። ግን ሲመታ ይለወጣል። ሕይወቱ በጎደለ ቁጥር ምቱ ይከብዳል። ሊሞት ሲል መጥረቢያውን አንዴ ያሽከረክርና ሦስት ጠላት አንድ ላይ ይወድቃል። እንደዚህ ያለ አይቼ አላውቅም። ደጋግሜ አስመታሁት፣ ያን ለማየት ብዬ።

ይህን ለናሆም ስነግረው ሳቀ። ከንፈሩ ተሰነጠቀና ደም ወረደው።

«እንደኔ ነዋ» አለ። «ድክመቱስ?»

«ገና አላገኘሁም።»

«የለውም በያቸው።»

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ሆቴላችን ይሞላል። ሽሮና ምስር ብቻ ስለምንሠራ እስላሞቹም ይመጣሉ። ሥጋ ከሌለ ማን አረደው የሚል ጥያቄ የለም። እማዬ የጾም ድስቶቿን ለብቻቸው መደርደሪያ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ በፍስክ ቀን የነካቸው ወዮለት። ለዚህ ነው የሚያምኗት።

አብዲም ረቡዕና ዓርብ እኛ ጋ ነው የሚበላው። ዛሬ እንኳ ይቀራል ብዬ ነበር። መጣ። ቢቀር እማዬ ትጠረጥረዋለች ብሎ ይመስለኛል፣ ወይም ድፍረት ነው። ጓሮ ቧንቧው ጋ ሄዶ እጁን ታጠበ፣ ያ የቀላው ሲሚንቶ ላይ ቆሞ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ።

«ናሆምን ሞተር ጣለው አሉ፣ እትዬ አልማዝ?»

«ምን ላድርገው ልጄ፣ ፍጥነት ይወዳል።»

«ፖሌ፣ አይዞህ ብሏል አብዲ በሉልኝ። ቀስ ብሎ ይንዳ። ጥርስ እንደሁ ሁለተኛ አይበቅልም።»

እማዬ እንዴት አሳቢ ልጅ ነው ብላ ሽሮ ጨመረችለት። ጥርሱ መውለቁን ማን ነገረው? አላስተዋለችም። እኔ እንጀራ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀና ብሎ አየኝና «አንቺስ፣ ዛሬም አትናገሪም?» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እንጀራውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ናሆም መጋረጃው ጀርባ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ሳልፍ የበሩን መቃን ጨምድዶ ይዞ ነበር። አብዲ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

ዱቄት ልቀዳ ጆንያውን ሳነሣ ከሥሩ ፓንጋ አገኘሁ። አዲስ ገጀራ፣ ስለቱ ነጭ ሆኖ የተሳለ። ናሆም ከኋላዬ ደረሰ።

«ለማን ነው?» አልኩት። ለመጠየቅ ብዙ ታገልኩ።

«ለእንጨት።»

ዝም ብዬ አየሁት። ዝም ስል ሰው ራሱ ይናገራል።

«ነገ ዓርብ ነው። ይመጣል። በሩ ላይ አሥር ሆነው ነው የሚቆሙት፣ እዚህ ቧንቧው ጋ ግን ብቻውን ነው። የታጠበበት እጁ ይቀራል።»

«እንግዳ ነው እኮ።»

«የዕለቱን ከበላ ነው እንግዳ የሚሆነው። የእናቴን ምግብ የበላ ሰው አልነካም። ሳይበላ ግን ምኔም አይደለም።»

አስቦበታል። ይህን ያህል አስቦበታል።

«ለእማዬ ከነገርሻት…» አለና ተወው።

ለእማዬ ብነግራት ትጮኻለች። እሷ ከጮኸች የኛ ስቴጅ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ የሚሰበሰቡት ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይደለም። ያኔ አንድ እጅ አይበቃም።

ማሰብ ስላቃተኝ ተጫወትኩ። ጎፈሬውን ዳር አቆምኩት፣ መሐል አቆምኩት፣ አስመታሁት፣ አስገደልኩት። ድክመቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ቁጣው ሲሞላ አይመርጥም። ደካማውን ወይም ዋናውን ጠላት አይፈልግም። ቅርቡ የቆመውን ነው የሚመታው።

መጥረቢያውን ሲያሽከረክር ግራና ቀኙ የቆሙት ወገኖቹም ይጎዳሉ። ማክሰኞ ይህን አላየሁም ነበር። ዓይኔ ጠላት ላይ ብቻ ነበር።

ትልቁ ግን ይህ ነው። ለጥቂት ዙር ጓደኞቿን የምትሰውር አንዲት ጀግና አለች፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች። እሷ ጠላት ሆና ስትመጣ ጎፈሬው ቁጣው ሞልቶ የሚመታው ያጣል። ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ መጥረቢያው ዝቅ ይልና ቁጣው ይፈስሳል። እንደገና ከባዶ ይጀምራል። የተሰወሩት አልነኩትም እኮ። አልተገኙም፣ ያ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ሞከርኩት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ለናሆም አልነገርኩትም። ነገ አብዲ ቧንቧው ጋ መድረስ የለበትም። ሰው መሰወር አልችልም። ምሳውን ግን እችላለሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

አደረግኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ረፋድ ላይ ሽሮውም ምስሩም ደርሶ ነበር። እማዬ ከሰል ሻጩ ጋ ስትወጣ የትናንቱን የሥጋ መረቅ አመጣሁ። በሁለቱም የጾም ድስት ገለበጥኩት። ቁርጥራጭ ሥጋ ሽሮው ላይ ተንሳፈፈ። እጄ ራሱ የኔ አልመሰለኝም።

እማዬ ገና ከበሩ ሸተታት።

«ምንድን ነው ይሄ? ቲጂ! ምንድን ነው?»

«ተሳሳትኩ።»

«በዓርብ? በሁለቱም ድስት?»

ማማሰያውን አነሣች። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጀርባዬን። እማዬ ስትመታ እያለቀሰች ነው የምትመታው። «የሰው ጾም! የሰው ሃይማኖት!» ትላለች በየምቱ። ማማሰያው ተሰበረ። በተሰበረው ቀጠለች። አልጮኽኩም። ብጮኽ ናሆም ይሰማል፤ ጓሮ ነበር፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ መለሰቻቸው። «ዛሬ ድስቱን ሥጋ ነክቶታል። አላታልላችሁም።» ሌላ ሴት ብትሆን ቁርጥራጩን አውጥታ ትሸጠው ነበር።

የአብዲ ሞተር መጣ። ድምፁን አውቀዋለሁ።

«እኔንም ነው፣ እትዬ አልማዝ? ሳልበላ?»

«ይቅርታ ልጄ፣ የዚህች ልጅ ጥፋት ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ክርስቲያኑም እስላሙም ጾሙን ይዋላ!» ብሎ ሳቀ። ሞተሩ ዞረ፣ ሄደ። እየራቀ፣ እየራቀ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ናሆም በጓሮ በር ገባ። ድስቶቹን አየ። እኔን አየ። ገባው።

ጠጉሬን ይዞ አስነሣኝ። ከመደርደሪያው ጋር አጋጨኝ፣ አንዴ፣ ደግሞ። ሳህን ወረደ። «ለሱ ብለሽ ነው? ወደሽው ነው?» ይላል በዚያ ባበጠ አፉ፣ በሹክሹክታ፣ እማዬ እንዳትሰማ። አይደለም እንኳ ማለት አልቻልኩም። ፓንጋውን ሲያነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሥጋ የምንከትፍበት ግንድ ላይ ነው የሰካው። እስከ ግማሽ ገባ። መንቀል አቅቶት ይታገል ነበር፣ እንደ ልጅ። ከዚያ ነቀለውና ወጣ።

ቅርቡ የቆመውን ነው የሚመታው። ጽፌው ነበር፣ ግን ቅርቡ ማን እንደሚሆን አላሰብኩም።

አመሻሽ ላይ እማዬ ልብሴን ገልጣ ሰውነቴን አየች። የሱንም ምት የራሷ መሰላት። «እጄ ይቆረጥ፣ ምን ነካኝ» እያለች ቅቤ ቀባችኝ። ግራ ጆሮዬ ይጮኻል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

ጠዋት የአብዲ እናት እማማ ሃዋ ወተት ይዘው መጡ። ከሄሉ፣ ከሠፈራቸው፣ የግመል ወተት እያመጡ ለሆቴሎች ይሸጣሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ስለማንገዛ ዛሬ ነው የመጡት። ጄሪካኑን አስቀምጠው «አልማዝ፣ ልጄ ትናንት በራብ መጣብኝ! ‹እትዬ አልማዝ አባረረችኝ› አለኝ። ምን አርገሃት ነው አልኩት» ብለው ሳቁ።

እማዬም ሳቀች። የበሩ ደፍ ላይ ናሆም ተቀምጦ ሰንሰለት ይቀባ ነበር። ቀና አላለም።

«ወየው! አንተ ልጅ፣ አፍህን ምን ሆንክ?» አሉት።

«ሞተር» አለ።

አገጩን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ እንደ ልጃቸው። «ዋቃ ያድንህ» አሉት። አያውቁም። ማን እንደመታው አያውቁም። አፌን ከፈትኩ፣ ግን ናሆም አጠገባችን ነበር። ጄሪካኑን ተቀብዬ ገባሁ።

ከሰዓት ውጊያው ነበር። ናሆም ስልኩን ነጠቀኝና ዛሬ ራሱ ተጫወተ፤ የስቴጁ ልጆች ከበውታል። ጎፈሬውን መሐል አቆመው። የበሩ ልጆች ያችን ነጭ ሻሽ አሰለፉ። የጎፈሬውን ድክመት አውቀውት ነበር። ጎፈሬው ቁጣው ሞላ፣ ተንቀጠቀጠ፣ መጥረቢያው ዝቅ አለ። ከዚያ ድንጋይ በድንጋይ ጨረሱት። ልጆቹ ጮኹ። ናሆም ስልኩን ግድግዳው ላይ ወረወረው። መስታወቱ ዱቄት ሆነ።

ሁሉም ሲሄዱ «ታውቂ ነበር?» አለኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጆሮዬን አየው። ሊነካው እጁን ዘረጋና መለሰው። ይቅርታ የሚል መስሎኝ ነበር። ያለው ግን «ሰኞ በሩ ላይ እንሄዳለን። ሁላችንም» ነው።

ፓንጋው ከጆንያው ሥር የለም። የሞተሩ ወንበር ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። አይቼዋለሁ።

የቀረው እሑድ ብቻ ነው። ሰኞ ሙሉ ስቴጅ ለመመለስ የሚበቃ ድስት የለኝም።

ለእማማ ሃዋ ብነግራቸው ምን እንደሚሆን አላውቅም። አብዲ ሰምቶ ቀድሞ ቢመጣስ? ወንድሜን አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ይሆናል። ግን ዛሬ አገጩን የያዙበትን አያያዝ አየሁ። ልጃቸውን ለጥቂት ቀን ከበሩ ሊያርቁት ይችላሉ፣ ግመል ጥበቃ ይሁን ዘመድ ጥየቃ። የሠፈራቸውን ሽማግሌዎች ወደ እማዬ ሊልኩ ይችላሉ። የመታው ወገን ቀድሞ ሽማግሌ ከላከ ናሆም እምቢ ማለት ያፍራል። አባዬም እስከዚያ ይደርስ ይሆናል።

ነገ ከቅዳሴ ስንወጣ እማዬን «እግሬን ላፍታታ» እላትና ሄሉ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን፣ በእግሬ፣ ቦዳ ሳልይዝ። በሩን አንኳኳለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ። ምን ሆነሽ ነው ሳይሉኝ አይቀሩም።