አስር እስኪቆጠር

ሰኞ
ዛሬ ዝም እንድል በልጆች ንግግር ባለሙያ ታዘዝኩ። በለቡ ኮንዶሚኒየም ታሪክ ይህን የደፈረ አልነበረም። ልጄ ሶልያና ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት አፏን አልፈታችም፤ የምትፈልገውንም በጣቷ አታሳይም። ባለሙያዋ ስታጫውታት ቆይታ፣ "ጥፋቱ የናንተ አይደለም" አለች። "ግን ሳትጠይቃችሁ ሁሉን ትሰጧታላችሁ። ሙዙን ያዥና ዓይኗን እያየሽ በልብሽ እስከ አስር ቁጠሪ። አንቺ ዝም በይ። ድምፅም ይሁን እጅ መዘርጋት፣ የሆነ ነገር ካሳየች ወዲያው ስጫት። ካላሳየችም አስር ላይ ስጫት።" እሺ ለማለት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ማክሰኞ
ሙዝ ይዤ ቆጠርኩ። አራት ላይ አማቴ ከእጄ ነጥቀው አጎረሷት።
"ልጄን በገዛ ቤቷ ታስለምኛታለሽ? አባቷም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው!"
አባቷ ሶፋው ላይ ነበር። ምንም አላለም። ምስክርነቱ ለየትኛችን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ረቡዕ
የዛሬ ሽንፈቶች፦ ውሃ፣ ባሌ፣ ሁለት ስቆጥር ሰጣት። ኳስ፣ አማቴ፣ ገና ሳይጀመር። ዳቦ፣ እኔ ራሴ፣ ሰባት ላይ፤ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አላስቻለኝም።
ጎረቤቱ ሁሉ "ተያት፣ ትደርሳለች" ይለኛል። ባትደርስስ? ይህን ለማንም ጮክ ብዬ አላልኩም። እኔም ያላልኩት ነገር አለ ለካ።

ሐሙስ
ሹመት ሰጠሁ። አማቴ የቤቱ ዋና ቆጣሪ ሆኑ። በልብ መቁጠር አይሆንላቸውም፤ አስሩን ጣት ዘርግተው አንድ በአንድ ያጥፋሉ። የሹመቱም ምስጢር ይኸው ነው፦ ሁለቱም እጃቸው ሥራ ላይ ሲሆን ማጉረስ አይችሉም። አምስት ጊዜ አስር ደረስን። ሶልያና ሙዙን ትታ የአያቷን ጣት ስታይ ዋለች። ምንም አልጠየቀችም።

ዓርብ
ያው። አማቴ፣ "ጣቴን ጨረስሽው እኮ የኔ እናት" አሏት። ከሥልጣን ግን አልወረዱም።

ቅዳሜ
ቁርስ ላይ ስድስት ጣት ታጥፎ አራት ቀርቶ ነበር። ሶልያና ብድግ አለችና የቀሩትን አራቱን በትንሽ እጇ ሰብስባ በአንዴ አጠፈቻቸው። ከዚያ ሙዙን አየች። ከዚያ ዓይኔን።
"አጭበረበረችኝ!" አሉ አማቴ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ስጫት እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል!"
ሰጠኋት። ቃል አልወጣትም። ነገ ትድገመው አትድገመው አላውቅም።
ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ። "እንዴት ዋላችሁ?" አለች። አፌን ከፈትኩ፤ አንድም ቃል አልወጣ አለኝ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ። እስከ አስር ሳትቆጥር አትቀርም።