የእማዬ እግርና የእኔ ትምህርት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ቤት ያለው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቶ ነበር፤ አሁን ለቆኛል። መደወል ስችል ወረቀት ማበላሸቴ ሳይገርምህ አይቀርም። እዚያ ቤት ያለው ስልክ የእማዬ ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ድምፁ ተለቆ ነው፤ እኔና አንተ የምንባባለውን ከአጥር ማዶ ያለችው ሬዲዮ ያልናት ጎረቤታችን ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች። እሷ የሰማችውን ደግሞ ሰፈሩ ሳይሰማ አያድርም። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄድ የክፍሌ ልጅ ይህን እጅህ ላይ ታደርስልሃለች።

መልእክትህ ደርሶኛል። የእማዬ እግር ላይ ያለው ቁስል አልድን እንዳለ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ ስትላት «ልጄ መጥታ ታየዋለች እንጂ እግሬን ለማንም አልዘረጋም» እንደምትል ጽፈህልኛል። መላውንም አክለህበታል፦ «ዶክተር ነኝ ብለሽ በስልክ እዘዣት፤ ያንቺን ቃል አትጥስም» ብለኸኛል። ሳነበው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ፈራሁ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። ጤና ኢንፎርማቲክስ ደረሰኝ ያልኩ ዕለት ሰዉ ጤና የሚለውን አንጠልጥሎ ሄደ፤ ኢንፎርማቲክስ የሚለውን ለእኔ ተወልኝ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር አንዱ ጥርሱን፣ አንዷ ጨጓራዋን መርምሪልኝ ትለኛለች። እኔም ሁሉንም ጤና ጣቢያ ሂዱ እላለሁ። ሬዲዮ «ለዚች ልጅ ሰውን ወደ ሌላ ሐኪም መላክ ብቻ ነው እንዴ ያስተማሯት?» ብላለች አሉ። ብዙም አልተሳሳተች።

ለማንኛውም ትምህርቴ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ነን፤ ከሰዓት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ልምምድ እንገባለን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያው ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው፣ የካርዱ አቧራ ሲያስነጥሰን ይውላል። አሮጌዎቹን ካርዶች እያየን ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን። የመመረቂያ ሥራዬ ደግሞ ከቀጠሯቸው ስለሚቀሩ ታካሚዎች ነው። ቀጠሮው ሲቃረብ በስልካቸው መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሰዎቹ ግን አሁንም ይቀራሉ።

አማካሪዬ «ሰዎቹን ሳትጠይቂ ኮምፒውተሩን ብትጠይቂው ምን ይነግርሻል?» አለኝና መደወል ጀመርኩ። አንዱ ዝናብ ነበር ይላል፣ ሌላው ተሽሎኛል ይላል፣ አንዱማ ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ ነው የቀረው። አንዲት እናት ግን «ልጄ ከሄደበት ሲመለስ አብረን እንመጣለን» አሉኝ። መቼ ነው የሚመለሰው ብላቸው እሱን እንኳ አላውቅም አሉ። ስልኩን ዘጋሁና የዚያን ቀን ለሌላ ሰው አልደወልኩም። ያንተ መልእክት የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ይህን የምልህ እንደ ሐኪም ሳይሆን ካርድ ሲያገላብጥ እንደሚውል ሰው ነው። ቁስል አልድን ካላቸው ሰዎች ካርድ ላይ ስኳር የሚለውን ደጋግሜ አያለሁ። እሷ ይኑርባት አይኑርባት እኔ ላውቅ አልችልም። አይቶ የሚያውቅ ሰው ግን እዚያው አጠገባችሁ አለ።

እውነቱን ለመናገር ያልከኝን ልፈጽም ነበር የደወልኩት። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። እማዬ ስልኩን አንስታ «ዶክተሯ፣ እንዴት አደርሽ» ስትለኝ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ዶክተር አይደለሁም፤ ስመረቅም አልሆንም» አልኳት። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ የምትማሪው ምንድን ነው?» አለችኝ።

አንድ በሽተኛ ዛሬ አንዱ ሐኪም ያየዋል፣ ነገ ሌላው ያየዋል፤ የዛሬው ያወቀውን የነገው እንዲያውቀው፣ የሰውየው ነገር ተጽፎ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው ሥራዬ አልኳት። «የእኔስ ምን ተብሎ ተጽፏል?» አለች። «ምንም አልተጻፈም፤ አልሄድሽማ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። ወንድምሽ ሥራው ጋብ ሲልለት ይወስደኛል አለች። ለሬዲዮ ግን ዶክተር አለመሆኔን እንዳልነግራት አስጠነቀቀችኝ። የስልኩ ድምፅ ተለቆ እንደነበር እኔም አላነሳሁባት።

ሳልነግርህ በማድረጌ እንደምትቀየም አውቃለሁ። ዶክተር ነኝ ብዬ ባዛት አንዴ ትሄድ ነበር። ተመለሺ ብለው ሲቀጥሯት ግን እንደገና እኔን ልትጠብቅ ነው። ያንተ ሥራ ደግሞ በራሱ ጋብ እንደማይል አንተም እሷም ታውቃላችሁ፤ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግሥት አንተው ጋብ አድርገውና ውሰዳት። ቁስሉ ብሶ ብሰማ እዚህ ቁጭ ብዬ መማር የምችል አይመስለኝም።

ለባለቤትህ ሹራቡ ደርሶኛል በልልኝ፤ እጅጌው ቢረዝምም እየጠቀለልኩ እለብሰዋለሁ። ትልቁ ልጅህ ሒሳቡን ይበርታ፤ ትንሿን የወለቀው ጥርሷ በበቀለበት ሳምልኝ። ለሬዲዮም ሰላምታዬን አቅርብ፤ የተደበቃት ነገር ያለ እንዳይመስላት።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ሐኪሙ ቁስሉ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ሲጠይቃት «ሰሞኑን ነው» ትለዋለች። አንተ ግን አብረሃት ግባና እውነቱን አስጽፍ። ባለፈው እረፍት ስመለስ መኪና ተራ ድረስ ልትሸኘኝ የመጣች ዕለት ታነክስ ነበር፤ እኔ ጫማዋ የጠበባት መስሎኝ ነበር።

እህትህ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ሐሙስ የካቲት ፲፱ ቀን