ደርቦብኝ የሄደው

መካነ ሰላም
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለአሻግሬ

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከጤናችን የጎደለ የለም፤ ከቤታችን ግን አንተ ጎድለሃል። እዚህ ስልኩ ከተዘጋ ስለሰነበተ ነው ወረቀት የያዝኩት። በእውቀቱ ሹፌሩ ሐዋሳ ድረስ ስለሚወርድ የምትጫወትበት ሆቴል መጥቶ እጅህ ላይ ያኖርልኛል።

ሁዳዴ ሳይገባ እመጣለሁ ብለህ ነበር የሄድከው። ይኸው ሁዳዴው ደረሰ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ና። ሌላ ሌላውን የምጽፍልህ አፌ ዝም ስለማይል ነው፣ ታውቀኝ የለ።

እዚህ የተውካት ኦርጋንህ ሥራ አልፈታችም። ደንበኞችህ ሌላ ሰው እንዳይለምዱ ብዬ ሠርጉን ሁሉ እኔው እየሄድኩ ነው። "ሴት ደግሞ ምን ኦርጋን አላት" ሲሉ የነበሩት አሁን ቀን ያዢልን ይሉኛል። ጎንህ ተቀምጬ ጣትህን ሳይ የከረምኩት ለፍቅር ብቻ መስሎህ ነበር?

ባለፈው እሑድ ግን አቀስታ ላይ አዋረደችኝ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ዳሱ ሞልቷል። አምባሰል ጀመርኩ። አንተ እንደምታደርገው በግራ እጄ ወፍራሙን ድምፅ ከስር ይዤ፣ ድምፁ እንዲቆይልኝ ፔዳሉን ረግጬ፣ በቀኜ ስጨምርበት የስሩ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ጣቴ እዚያው ነው፤ ድምፁ የለም። ደግሜ ስነካው ይመጣል፣ ጥቂት ስጨምር መልሶ ይሄዳል። የጨፋሪው እግር ተሳሰረ። የሙሽራው አጎት አራጌም "ኦርጋኗ ከእኛ ቀድማ ጾም ገባች እንዴ?" ብሎ ዳሱን አሳቀብኝ።

ቤት ስገባ እሷን ይዤ ተቀመጥኩ። ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ፦ "ይቺ ባንዴ የምትችለው አሥራ ስድስት ድምፅ ነው። ከዚያ ካለፍሽባት፣ ለአዲሱ ቦታ ለመስጠት መጀመሪያ የያዝሽውን ትለቀዋለች።" እኔ የነካሁት ግን ከዚያ ግማሽ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ኋላ የድምፅ መምረጫዎቹን መብራት ሳይ የዋሽንቱም የማሲንቆውም በርቷል። ለካ ስትሄድ ሁለቱን ደርበህ ትተሃቸዋል። ማሲንቆው ከዋሽንቱ ስር ተሸሽጎ፣ እኔ አንድ ስነካ እሷ ሁለት እየበላች ኖሯል።

ደስ ብሎኝ ወደ እናትህ ሮጥኩ። ጓሮ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

"እማዬ፣ ደረስኩበት። አሻግሬ ደርቦብኝ እኮ ነው የሄደው" አልኳቸው።

ጎመኑ ከእጃቸው ወደቀ።

"ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ኧረ ኦርጋኗን ነው" ብዬ ሳቅሁ። በሚስት ላይ ሌላ ሲመጣም ደረበ እንደሚባል አፌን ስከፍት አላሰብኩትም ነበር። እሳቸው አልሳቁም። "አዎ፣ ኦርጋኗን" አሉና ጎመኑን ከመሬት ሲለቅሙ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ምንም ሳልል "አብሽሪ ልጄ" ይሉኛል። ትናንት ማታ ደግሞ የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው ደረቡልኝ። እሳቸው በነጠላ አደሩ።

ለምን እንዲያ እንዳሉኝ አልጠየቅኳቸውም። አልጠይቃቸውምም። ስላንተ ክፉ ነገር ከእናትህ አፍ ሲወጣ መስማት አልፈልግም።

ማሲንቆውን አጥፍቼዋለሁ። አሁን ከስር የያዝኩት ድምፅ የፈለግሁትን ብጨምርበት አይሄድም። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ብቻዬን አምባሰሉን ስሞክረው እስከ መጨረሻው ከጣቴ ስር ቆየልኝ፤ እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። ናፍቀኸኛል አሻግሬ። ፔዳሉ ጎን ላይ የጫማህ ጭቃ ደርቆ አለ፤ እሱን እንኳ መጥረግ አቅቶኛል።

ኦርጋኗ ላይ የደረብከውን እኔ አንስቼዋለሁ። የቀረውን የምታነሣው አንተ ነህ።

የሄድክበትን መድኃኔዓለም ያቅናልህ፤ የምትመለስበትንም አያርቅብህ። እናትህ ጉንጭህን ስመዋል። ሁዳዴ ሳይገባ ና።

መጀመሪያ የያዝካት
ዝናሽ