ክለባችን የሚሸጥበት ጠዋት

በረኛው ወንድሜ፣

ለስብሰባው ወንበር የምንደረድረው እኛ ትኬት ቆራጮች ስለሆንን ቀድሜ ወጥቻለሁ። ሰዓቱ ሲጮህ እንደ ልማድህ አጥፍተኸው እንዳትተኛ። የአዳራሹ በር አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም፤ ድምፅ የሚሰጠውም ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።

የአባልነት ካርድህ ከዚህ ወረቀት ስር አለ። ትናንት ቤቱን ስታገላብጥ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እንዴት እንደገባ አትጠይቀኝ።

ሻይ ፔርሙዙ ውስጥ አለ።

«አባባ ሞቷል፣ ክለቡም እያጣጣረ ነው፤ የሚያድነው ከተገኘ ከባሕር ማዶም ይምጣ» ስትለኝ፣ «የመጣው ሐኪም አይደለም፣ ቀባሪ ነው!» ብዬ ጮኽኩብህ። አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ክለቡን የሚገዛው ፈረንጅ፣ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሣሩን ሲያጠጣ የኖረበትን ሜዳ አፍርሶ የገበያ አዳራሽ ሊሠራበት ነው። እኛን ከከተማ ውጭ ይወረውረናል።

ግን ዘንድሮ ከሊጉ ከወረድን ክለቡ እንደሚበተን እኔም አላጣሁትም። ያስጮኸኝም እሱ ነው።

የደጋፊው ሐሳብ ለሁለት ተከፍሏል፤ የአንድ ሰው መቅረት ሁሉንም ሊለውጠው ይችላል ይላሉ። አንተን አስቀርቼ ካሸነፍኩ ያንን ሜዳ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ስለዚህ ና። አንተ «ይሸጥ» ብለህ እጅህን አውጣ፣ እኔም «አይሸጥም» ብዬ አወጣለሁ። ሰው እያየን ነው ብለህ አትፈር።

ሲያልቅ ግን፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ በር ላይ ጠብቀኝ። ዛሬ ብቻዬን ወደ ቤት መመለስ አልችልም።

እህትህ