የሲጋራህ ነገርና የእማዬ «አይምጣ»

ይድረስ ሳኦ ፓውሎ ለሚኖረው ወንድሜ ለሹንጎ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ዳልቫ እንዴት ናት? ልጃችሁ ናይራስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ ደህና ነን። እማዬን ሙቀቱ ትንሽ አድክሟት ነበር እንጂ ምግቧም አልቀነሰ፣ ንግግሯም አልቀነሰ። ባለቤቴ ሰይጂ ጉልበቱን ያማርራል፤ ቢሆንም የእንግዶቻችንን ሻንጣ ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የጎደለን የአንተ ዓይን ብቻ ነው።

ነገሬን አላስረዝምም ብልህ አታምነኝምና በቀጥታ ልግባ። ለአባባ ሰባተኛ ዓመት መታሰቢያ እንደማትመጣ ከእማዬ ሰማሁ። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ አትልፋ፤ ደግሞስ ዛሬ እዚህ ሲጋራ የምታጨስበት ቦታ እንኳ የለም አልኩት፤ እሺ እማዬ አለኝ» አለችኝ። ሳህን እያጠበች ነበር፣ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ወንድም ጋሼ፣ እውነት «እሺ» አልካት? ሠላሳ ዓመት ብራዚል መኖር ሰውን እንዲህ የዋህ ያደርገዋል? ተናድጄብህ ሁለት ቀን ብዕር አላነሣሁም።

ሰበብ እንዳይሆንህ መጀመሪያ የሲጋራውን ነገር ልጨርስልህ። እንግዳ ለሚያርፍበት ቤት ባለቤት ይህ የዕለት ስብከቷ ነው። አንተ ስትሄድ ሰው በየመንገዱ እያጨሰ ይሄድ ነበር፣ ባቡር ጣቢያውም ጭስ በጭስ ነበር። ያ ሁሉ ቀርቷል። መንገድ ላይ ቆመህም ሆነ እየሄድክ አታጨስም። መሀል ከተማ የሚዞሩ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ካገኙህ በትሕትና ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉህና በዚያው ትሕትና ይቀጡሃል። «የኪስ መተርኮሻ ይዣለሁ» ብትል አያድንህም፤ እሷ ቁራጩን እንጂ ጭሱን አትይዝም። ይዘሃት ና፣ ግን አትመካባት። ጣቢያው አጠገብ የታጠረች የማጨሻ ቦታ አለች፤ እዚያ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ማንም ማንንም ሳያይ አጭሶ ይወጣል። በፈጣኑ ባቡር ውስጥ የነበረችው የማጨሻ ክፍልም ቀርታለችና ቶኪዮ ላይ ሳትሳፈር አጭስ። ምግብ ቤት ውስጥ ይቻላል የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ካላየህ አትለኩስ።

የውጭ ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። ጨዋ ልሁን ብሎ ከቤት ይወጣና ደጅ ላይ ይለኩሳል። እዚህ ነውሩ ደጁ ነው። በአባባ መቃብር ላይ፣ አጫሽ ለነበረ ሙት ዱሮ እንደሚደረገው፣ በዕጣን ፈንታ ሲጋራ ለኩሰን እናቁም ብለን መነኩሴውን ብንጠይቃቸው እንኳ፣ ፈገግ ብለው «አባታችሁ አሁን የተዉ ይመስለኛል» አሉን። ነገሩ ገባንና ክብሪቱን ወደ ኪሳችን መለስን።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርህ። ኤሊዮ የሚባል ጣሊያናዊ ፎቅ ላይ አርፎ ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢ ነው፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ጠባዩ ግን ለስላሳ። «በዚህ ቤት አይጨስም» የሚለውን አንብቦ ወደ መንደራችን ጠባብ መንገድ ወጣና ለኮሰ። ፊት ለፊታችን ያሉት ወይዘሮ ኦኪታ ልብስ አስጥተው ነበር። ደጃቸው ላይ ውሃ እየረጩ ብቅ አሉና «እንዴት ያለ ግሩም መዓዛ ነው! እስከ ልብሴ ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ» አሉት። ሰውየው በስልኩ አስተረጎመ፤ ስልክ ደግሞ ቃል እንጂ ሆድ አያነብም። ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ፓኮውን ከፍቶ «አንድ ይውሰዱ» አላቸው። «ኧረ ለእኔ ይበዛብኛል፣ እርስዎ ያጭሱ፣ በደንብ ያጭሱ» አሉ ወይዘሮ ኦኪታ ጥርሳቸውን ነክሰው። እሱም ታዛዥ ነውና ሁለተኛ ለኮሰ። እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አፌን በመጋረጃ ያዝኩ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፣ ወይዘሮ ኦኪታን ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያ ሰውየውን እጅጌውን ይዛ በቤቱ ውስጥ አሳልፋ ወደ ጓሮ በረንዳው አመጣችው። ምን ልታደርግ ነው ስል ከቁም ሳጥኑ የአባባን መተርኮሻ ይዛ መጣች፤ ያንን አንተ በኳስ መትተህ ጠርዙን የሸረፍከውን ሰማያዊ ሸክላ። አይጨስም የሚለውን ማስታወቂያ በገዛ እጇ የጻፈችው እሷ ናት፤ አባባ ከሞተ ወዲህ እዚያ በረንዳ ላይ ሲጋራ የለኮሰ ሰው የለም። ሰውየው አጠገብ ቁጭ ብላ ጭሱ ወደ ዛፉ ሲወጣ ታየው ጀመር።

ቆይታ «እናት አለችው ወይ? እስቲ ጠይቂልኝ» አለችኝ። ጠየቅኩት። «አለች እንጂ! በየእሁዱ እየደወለች ‹መቼ ነው የምትመጣው? ናፍቀኸኛል፣ ሳላይህ ልሙት ወይ?› ብላ ትጮህብኛለች» አለ እየሳቀ። ለእማዬ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እንዲህ ብላ? በአፏ?» አለችኝ። «አዎ፣ በአፏ» አልኳት። «ታድላ!» አለችና መተርኮሻውን ወደ ሰውየው ጠጋ አደረገችለት። 

የእኛ የኪዮቶ ሰው ንግግር ሰምና ወርቅ መሆኑን ረስተኸዋል። «ሩዝ በሻይ ይቅመሱ» የተባለ እንግዳ ሂድ መባሉን አውቆ ጫማውን እንደሚያነሣ አንተው ነበርክ ለእኔ ያስተማርከኝ። አባባም ስትሄድ «ብራዚል ሰፊ አገር ነው፣ ይስማማሃል» ነበር ያለህ። አንተ ተመረቅሁ ብለህ ሄድክ፤ እሱ ያን ቀን በረንዳው ላይ መተርኮሻው እስኪሞላ ሲያጨስ ዋለ። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ለብልህ አይነገርም እየተባለ ስንት ነገር ሳይነገር ቀረ። አባባ ሳይናገር ሞተ። እማዬም ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እንደ ጣሊያናዊቱ ጩኺ ብላት አፏ እሺ አይላትም። ስለዚህ በእሷ ፈንታ እኔ ልጩህ፦ ና። ለመታሰቢያው፣ በኖቬምበር፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ ና። ባትመጣ አልቀየምህም ብዬ አልዋሽህም።

ኤሊዮ ከሄደ በኋላ መተርኮሻው ወደ ቁም ሳጥኑ አልተመለሰም። በየማለዳው ታጥቦ በረንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ በዚህ ቤት የሚያጨስ ሰው ግን የለም። ምነው ብላት «አቧራ ይዞት ነው» ትለኛለች።

ለዳልቫ በጣም ናፍቀሽናል በልልኝ፤ የላከችው ጨርቅ ጠረጴዛችን ላይ ነው። ናይራን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ፎቅ ላይ መስኮት ያለው ክፍል ለእሷ ይሆናል። ለዳልቫ እናትም አክብሮታዊ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሰይጂ እጅ ይነሣል፣ ያን የመንገድ ተቆጣጣሪ እኔ አነጋግርለታለሁ ይላል፤ አትመነው። ወይዘሮ ኦኪታም ሰላም ብለውሃል፣ ሹንጎ ሲመጣ ደጄን ውሃ እረጫለሁ አሉ፤ ለእንግዳ ክብር ይሁን ለጭስህ ማስጠንቀቂያ፣ አንተው ፍታው።

እማዬንም ለሹንጎ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም፤ አይምጣ በይው» ብላለች፣ መተርኮሻውን እያደረቀች።

እህትህ ፉሚኖ
ኪዮቶ፣ ኦገስት 24 ቀን 2025