ከዛፉ ሥር ስለምትቆመው መኪናዎ

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ በተለይ ጆሮዎ እንደምን ሰነበተ? እኔና አርባ ተማሪዎቼ፣ ድምፃችን ከመጥፋቱ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ሰኞ ዕለት የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ከውጭ የመጡት ፈታኝ ተማሪዎቼን በቃል ጠይቀው አንዱም አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እንዳልቻለ ስላስታወቁ፣ የቋንቋ ትምህርት ዕቅዴን ሳወጣ መሠረት የማደርገው ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዳስረዳ አዝዘውኛል። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ጥያቄው ራሱ አኩርቶኛል። መልሱ ለባልደረቦቼም ይጠቅማል ብዬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

1ኛ. የዕቅዴ መሠረት መኪናዎ ናት። ጠዋት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በመስኮት ወደ ግቢው ዛፍ አያለሁ። መኪናዎ ከሥሩ ከቆመች የዕለቱ ትምህርት በልብ ማንበብና ባዶ ቦታ መሙላት ይሆናል፤ ከሌለች ንግግር እንለማመዳለን። የመማሪያ መጽሐፉ፣ የልጆቹ ችሎታና እኔ በማሠልጠኛ የተማርኩት ነገር ሁሉ ተራቸው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናዎም ክፉ አይንካትና ቆማ ነው የምትውለው።

2ኛ. ክፍላችንን ከቢሮዎ የሚለየው ግድግዳ ድምፅ የማያግድ ስስ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ነው። አምና ተማሪዎቼ ገዢና ሻጭ ሆነው በምንማረው ቋንቋ ስለ ቲማቲም ዋጋ ሲከራከሩ ግድግዳውን በመዳፍዎ ደበደቡት፤ አልበቃ ብሎዎት በሩን ከፍተው ይህ ክፍል ነው ወይስ ገበያ ብለው ጠየቁን። ገበያ ነበር። በዕቅዱ ላይም ገበያ ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማዎም አለበት። ሻጭ የነበረው ልጅ ቲማቲሙን እንደያዘ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ሸጦ አያውቅም። በዚያው ግድግዳ በኩል የእርስዎ የስልክ ንግግር ቃል በቃል ስለሚደርሰን ግን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ለማዳመጥ ትምህርት ቴፕ መበደር ቀርቶልናል። ችግሩ ቋንቋው ሌላ መሆኑ ብቻ ነው።

3ኛ. በዚያው በአምናው ዓመት መጨረሻ በሰልፍ ፊት አስቁመው የጸጥተኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ሸለሙን። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባምና ሽልማቱ ይገባናል። ወረቀቱን ግድግዳው ሲመታ እንዳይወድቅ በአራት ሚስማር መትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ፈታኙ አስቀድመው የጠሩት የእርስዎን ልጅ ነበር። ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ ብለው ጠየቋት፤ ቀላል ጥያቄ ነው። ልጅቱ ከመመለሷ በፊት በመስኮት ወደ ዛፉ አየች። መኪናዎ ቆማለች። ከዚያ በእጇ ምልክት ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀች። ፈታኙ ሰነፍ መሰለቻቸው፤ እኔ ግን ጥግ ላይ ቆሜ ዓይኗ የት እንደሄደ አይቻለሁ፤ ይህን በቀልድ ልሸፍነው ብሞክርም አልሆነልኝም። መልሱን እኮ ታውቀዋለች፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከመናገር በፊት መስኮት ማየትን ግን ያስተማርናት ሁለታችን ነን።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻው ድጋሚ ፈተና አለ፤ የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ስለዚህ እስከዚያው መኪናዎን ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከዓይናችን ራቅ አድርገው እንዲያቆሙልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ቢሮዎን ይልቀቁ አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ልጆቹ አለመኖርዎን ቢያምኑ ይበቃናል።

ስለ ሰጡን ረጅም ጸጥታ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ድምፄን ዝቅ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ከግድግዳው ማዶ እጅ የምነሳዎ፣

የቋንቋ መምህርዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ስለሄዱ የዛፉ ሥር ባዶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝም እቀበላለሁ፤ ስለ ቤተሰብ ስንነጋገር አረፈድን። ልጅዎ ከወንበሯ ተነሥታ በምንማረው ቋንቋ አንድም ስሕተት ሳትሠራ፣ በቤታችን የሚናገረው አባቴ ብቻ ነው አለች። ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። እዚህ ልጽፈው ወይ ብዬ ፈቃዷን ስጠይቃት ወረቀት አልፈለገችም፤ ጮክ ብላ፣ አዎ አለችኝ።